አዌቱን ለመታደግ የትኛውን የጋራ ዕቅድ እንምረጥ?

ጅማ ውስጥ ስለ አዌቱ ወንዝ የማይቆጭ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። በልጅነቱ የዋኘበትን ቦታ በጣቱ እያሳየ፣ ዛሬ እዚያው ላይ የተከመረውን ላስቲክ እያየ ራሱን ይነቀንቃል። ቁጭቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ድልድዩን ተሻግሮ እስኪያልፍ ነው። አልፈርድበትም፤ ከቁጭቱ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ከባድ ነው። ማን ከማን ጋር ተቀምጦ ምን ብሎ ይስማማ?

የወንዝ ዳር ሰፈር ነዋሪና የእድር ጸሐፊ በመሆኔ ይህ ጥያቄ በተነሣባቸው ስብሰባዎች ላይ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። አንዱ ዘመቻ ይጠራ ይላል። ሌላው በቅድሚያ ጥናት ይጠና ይላል። ማኅበር እናቋቁም የሚል አለ፤ ገንዘብ ሳይያዝ ወሬ ብቻ ነው የሚልም አለ። ሁሉም በየፊናቸው እውነት አላቸው፤ እያንዳንዱ ዕቅድ የሚያክመው በሽታ ግን የተለያየ ነው። ለእድር ዳኞች፣ ለቀበሌ አመራሮች፣ ለቡና ኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለትምህርት ቤት የአካባቢ ክበባት ይጠቅም እንደሆነ ብዬ አምስቱን መንገዶች ጎን ለጎን አስቀምጫለሁ። ሚዛኑ የእኔ ስለሆነ አድልዎ ቢታይበት አትደነቁ።

ከሁሉ በፊት፣ የትኛው ወንዝ? የትኛው በሽታ?

አዌቱ ከኮረብታዎቹ ወርዶ ከተማውን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ወደ ቦዬ ረግረግ ያመራል፤ ከዚያም ወደ ግልገል ጊቤ። ግልገል ጊቤ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረውንና 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን ግድብ ይሞላል። ያው ውኃ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ውስጥ አልፎ፣ 420 ሜጋ ዋት አቅም ባለው በሁለተኛው ጣቢያ ዳግመኛ ይሠራል። ከዚያ በኦሞ በኩል እስከ ቱርካና ሐይቅ ይዘልቃል። እንግዲህ «ተፋሰሳችን» የሚለው ቃል ለአንዱ የሰፈሩ ቦይ ነው፤ ለሌላው የግድቡ ሐይቅ ነው። ሁለቱ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ ሳይግባቡ ሊውሉ ይችላሉ፤ ሲውሉም አይቻለሁ።

በሽታውም አንድ አይደለም። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች፤ ይህ ሁሉ ውኃ የተራቆተ ተዳፋት ላይ ሲወርድ አፈሩን ይዞ ይሄዳል። የደለሉ ነገር ይህ ነው፤ ባለቤቱም ከላይ ያለው አራሽ ነው። ሁለተኛው የቡና ነው። በጎማ፣ በማና፣ በሊሙ ወረዳዎች የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች ሥራ የሚበዛባቸው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ዝናቡ ቆሞ ወንዙ መቀነስ በሚጀምርበት ወቅት ማለት ነው። ስኳር የበዛበት የልጣጭና የእጥበት ፈሳሽ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ይቦካል፣ በውኃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሳል፣ ዓሣው ይሞታል፤ ሽታውን ለማወቅ ምሁር መሆን አያስፈልግም። ሦስተኛው የከተማው ነው፤ የጋራዥ ዘይት፣ የመኪና እጥበት፣ ወደ ወንዝ የተለቀቀ የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ ከሐሙስ ገበያ ማግሥት በየቦዩ የሚታየው ላስቲክ። አራተኛው የረግረጉ መጥበብ ነው። ጨፌው ለጡብ ጭቃ ይቆፈራል፣ ዳርና ዳሩ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል። ለቡና ሥነ ሥርዓት የምንጎዘጉዘው ቄጤማ ከየት እንደሚመጣ ስንቶቻችን ጠይቀን እናውቃለን?

ዕቅዶቹን የምመዝንበት አንድ ጥያቄ አለኝ። ከላይ ያለው ሰው ይህን ዕቅድ ፈርሞ ወደ ቤቱ ሲመለስ ምን ይዞ ይገባል? ተጠቃሚው ከታች ያለው ሰው ነው፤ ወጪው ያለው ከላይ ነው። እርከን ሲሠራ ከማሳው የሚቀነሰው የላይኛው ነው፤ ከብቶቹን የሚያስረው እሱ ነው። ይህን ያላሰበ ዕቅድ የቱንም ያህል ያማረ ይሁን፣ ከሁለት ክረምት በላይ ሲቆይ አላየሁም።

የዘመቻው ዕቅድ

ሁላችንም የምናውቀው ይህንን ነው። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ገበሬው በነጻ ጉልበቱ ይወጣል፤ እርከን ይሠራል፣ ክትር ይገነባል፣ ክረምት ሲገባ ችግኝ ይተክላል። ከኋላው ያለው ሰነድ ከሚታሰበው በላይ ጥሩ ነው። በ1997 የወጣው የግብርና ሚኒስቴር የማኅበረሰብ አሳታፊ ተፋሰስ ልማት መመሪያ ዕቅዱ ከ200 እስከ 500 ሄክታር በሚሆን ትንሽ ተፋሰስ እንዲጀመር ይላል። ነዋሪው የራሱን ቡድን እንዲመርጥ፣ መሬቱን እየዞረ ካርታ እንዲሥል፣ ዕቅዱን በጠቅላላ ጉባኤ እንዲያጸድቅ ያዛል። አንድ ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ቀን በእግሩ ሊዞረው የሚችለው መሬት ስለሆነ መጠኑ ራሱ ጥበብ አለበት።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ሥራው በኪሎ ሜትርና በችግኝ ቁጥር ይለካል። ቁጥሩ ሲሞላ ዘመቻው አለቀ። አንድ ጊዜ ከከተማው በላይ ባለ ተዳፋት ላይ የተሠራ እርከን ለማየት ወጥቼ ነበር፤ ሥራው ያኮራል። በተከታዩ ክረምት ስመለስ አንዱ ቦታ ላይ ተደርምሶ፣ የተጠራቀመው ውኃ በዚያ በኩል ብቻ ስለወረደ ከእርከኑ በፊት ያልነበረ ቦረቦር ተከፍቷል። ድንጋዩን ያነሣው የማሳው ባለቤት ነበር። በሬዎቹን አዙሮ የሚያርስበት ቦታ አጥቶ ነው፤ ቀድሞ የጠየቀው ሰው እንደሌለም ነገረኝ። መመሪያው እንዲጠየቅ ያዛል፤ የጥር ጥድፊያ ግን መመሪያ አያነብም።

ሌላው ጉድለት ከተማው ነው። ተፋሰሱ የግብርና ጽሕፈት ቤት ሥራ ሆኖ ስለሚታይ ዕቅዱ የከተማው ወሰን ላይ ሲደርስ ይቆማል። ወንዙ ግን አይቆምም።

ደለል ብቻ ከሆነ ችግራችሁ፣ ዘመቻውን አትናቁት፤ ሠራተኛው፣ ባለሙያውና ልማዱ አለ። ሁለት ነገር ብቻ ጨምሩበት። የመጀመሪያው ለእያንዳንዱ እርከን ስሙ የተጻፈ ጠባቂ ነው። ሁለተኛው ድንጋይ ባልበዛበት ቦታ ሣር ነው። የቬቲቨር ሣር በአገራችን መተከል የጀመረው እዚሁ አጠገባችን፣ በመልኮው የግብርና ምርምር ማዕከል አማካይነት ለቡና ማሳ ተብሎ መሆኑን ብዙ የጅማ ሰው አያውቅም። ሥሩ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች ስለሚሄድ ከሰብል ጋር ብዙም አይሻማም። ገበሬው ለጣራ ክዳንም ለጉዝጓዝም ያጭደዋል፤ ይኸው፣ ይዞት የሚገባው ነገር አገኘ።

ትልቁ ጥናት

ስለዚህኛው ብዙ አልልም። አማካሪ ተቀጥሮ የመላውን ተፋሰስ ማስተር ፕላን ያዘጋጃል፤ ካርታው ባለቀለም ነው፤ ስብሰባው ሆቴል ውስጥ ነው። የፍሳሽ መስመር ለመዘርጋት፣ ማጣሪያ ለመገንባት ወይም የወንዝ ዳር ይዞታን ለመከለል ከታሰበ ያለ ጥናት መነሣት ሞኝነት ነው። ለሌላው ሁሉ ግን በጥናት መጀመር ሥራውን በይደር ማስቀመጫ ዘዴ ሲሆን አይቻለሁ። በአንድ እንዲህ ባለ ስብሰባ ላይ ከላይኛው ቀበሌ የመጡ አንድ አዛውንት ግድግዳው ላይ የበራውን ካርታ ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱ ቆይተው፣ ቤታቸው በየትኛው ቀለም ውስጥ እንደወደቀ ጠየቁ። የመለሰላቸው አልነበረም፤ ሻይ ዕረፍት ደርሶ ነበር።

መረጃ ካስፈለጋችሁ የሚቀርበው መንገድ ሌላ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ከምሥረታው ጀምሮ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መለያው አድርጎ የያዘ ተቋም ነው። የወንዝን ጤና በውስጡ በሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት መለካት ደግሞ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ድንጋይ ገልብጦ ሜይፍላይ የሚባለውን ትንሽ በራሪ ነፍሳት እጭ ካገኙ ውኃው ይተነፍሳል፤ የሚገኘው ቀይ ትል ብቻ ከሆነ ታፍኗል። ይህን የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በአንድ ጧት ይማረዋል። በየሦስት ወሩ አንድ ቦታ ላይ ተቆጥሮ በደብተር የተመዘገበ ቁጥር፣ ለክርክር ከወፍራም ጥራዝ ይበልጥ ይጠቅማል።

መድረኩ

መድረክ ማለት ሁሉም ባለድርሻ የሚወከልበት ቋሚ ጉባኤ ነው፤ የላይኞቹና የታችኞቹ ቀበሌዎች፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ የውኃ አገልግሎቱ፣ የቡና ጣቢያ ባለቤቶች፣ እድሮች፣ መስጊዶችና አብያተ ክርስቲያናት። ትልቁ ጥቅሙ የከተማውን ወሰን መሻገሩ ነው። ዘመቻው የማያገናኛቸው ሰዎች እዚህ ይተያያሉ። ትልቁ ድካሙ ደግሞ ማዘዝም መቅጣትም አለመቻሉ ነው። ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ ይታሰራል።

መድረክ ከመረጣችሁ ጥቃቅን የሚመስሉ ጉዳዮች ናቸው የሚያቆሙት ወይም የሚጥሉት። ሐሙስ አትጥሩ፤ ገበያ ነው። ዓርብ ቀትር ላይ አትጥሩ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ስለሆነ የምታገኙት ሥራ የሌለውን ሰው ብቻ ነው። ከላይ የሚመጡት ወገኖች የሚያስቡትና የሚከራከሩት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ስብሰባውን በአማርኛ ብቻ ካካሄዳችሁት ጨዋነት ይዟቸው ዝም ይላሉ፣ እናንተም ዝምታውን እንደ ስምምነት ትመዘግቡታላችሁ። ቃለ ጉባኤው በሁለቱም ቋንቋ ይጻፍ፤ ከመፈረሙ በፊትም ጮክ ተብሎ ይነበብ። ተቋማት በየጊዜው የተለያየ ሰው እንዳይልኩም በስም የተጻፈ ተወካይ ጠይቁ። በየስብሰባው አዲስ ሰው ሲመጣ ጉዳዩ ሁልጊዜ ከሀ ይጀምራል።

አበልን በተመለከተ ደግሞ ግልጽ ልሁን። የመጓጓዣ ወጪ መሸፈን ተገቢ ነው። ከዚያ ያለፈ አበል የተለመደበት መድረክ ግን ገንዘቡ በቆመ ማግሥት ይበተናል።

ማኅበሩ

ወደምወደው መጣሁ። እዚህ ላይ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከጅማ በስተምዕራብ «በለጠ ጌራ» የሚባለው ደን አለ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ በተካሄደ ሥራ፣ በደኑ ውስጥና ዙሪያ የሚኖሩ ሰዎች ዋቡብ በሚባሉ የደን አስተዳደር ማኅበራት ተደራጁ። ስሙ «ዋልዳ ቡልቺንሳ ቦሶና» ከሚለው የአፋን ኦሮሞ መጠሪያ የተወሰደ ነው። ውሉ ቀላል ነበር። ማኅበሩ የደኑን ወሰን ይጠብቃል፤ በምላሹ በደኑ ውስጥ ቡናውንና ማሩን የመጠቀም መብቱ በጽሑፍ ይታወቅለታል። በኋላም የደን ቡናው ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት አግኝቶ የተሻለ ዋጋ ማምጣት ቻለ። የእኔን ጥያቄ አስታውሱ፤ ሰውየው ይዞ የሚገባው መብት ነው፣ ቀጥሎም ገቢ።

ይህን ወደ ወንዝ ስናመጣው ምን ይመስላል? አንድ የአዌቱ ገባር ውሰዱ፤ ከምንጩ እስከ መቀላቀያው። በዳሩ ያሉት አባወራዎችና እማወራዎች ሁሉ አባል ናቸው። የወንዙ ዳርቻ በእርምጃ ይለካል፣ ይከለላል፤ በውስጡ አይታረስም፣ ባሕር ዛፍ አይተከልም፣ ከብት አይለቀቅም። በምላሹ ሣሩን አጭዶ የመውሰድ፣ ቀፎ የመስቀል፣ ቄጤማውን በተራ የመቁረጥና የመሸጥ መብት የማኅበሩ አባላት ነው። ደንቡ ከሁለት ገጽ አይብለጥ። መተዳደሪያ ደንብ እንዴት እንደሚሠራ ደግሞ ከእድር የበለጠ የሚያስተምረን የለም። የእድር ቅጣት የሚሠራው ገንዘቡ በዝቶ አይደለም፤ ስም በጉባኤ ፊት ስለሚነበብ ነው። ጉልበት ሲያስፈልግም ደቦ አለ፤ ገጠሩ ዳዶ ይለዋል፤ በዘመቻ ከተጠራ ሰው ይልቅ ጎረቤቱ የጠራው ሰው ድንጋይ አስተካክሎ ያስቀምጣል።

ማኅበሩ የሚታማበት ነገር የለውም ማለቴ አይደለም። መብት ለአንዱ በጽሑፍ ሲሰጥ ሌላው በጽሑፍ ይነጠቃል። ቦዬን አስቡ። ጥቁር ዘውዳማ ኩርኪ የሚባለው ወፍ የሚታይበት ረግረግ ነውና ይከለል ማለት ቀላል ነው፤ ሲከለል ግን በመጀመሪያ የሚጎዳው ሌላ ግጦሽ የሌለው፣ መሬት የሌለውና ጡብ ሠርቶ የሚያድር ወጣት፣ ቄጤማ አጭዳ በሸክም ገበያ የምታወርድ እናት ናት። የመሥራቾች ዝርዝር ውስጥ እነዚህ ሰዎች ከሌሉ ማኅበሩ የባለመሬቶች አጥር ይሆናል፤ አጥሩም በሌሊት ይፈርሳል። ስለዚህ ዝርዝሩ ይዞታ ባለው ሰው ብቻ ሳይሆን ወንዙን በሚጠቀም ሰው ይሞላ። ጡብ ሠሪዎቹንም ከማባረር ይልቅ የት ብቻ እንደሚቆፍሩና ጉድጓዱን እንዴት መልሰው እንደሚሞሉ ደንቡ ይወስን።

ሌላው ወሰኑ አቅሙ ነው። ማኅበር ጎረቤትን ይገሥጻል፤ የቡና ጣቢያን ወይም የከተማ ፍሳሽን አይገሥጽም።

የውኃ ፈንድ

ሐሳቡ ከታች ያለው ተጠቃሚ ከላይ ላለው ጠባቂ ይክፈል የሚል ነው። ኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1997 ውኃዋ ከሚመነጭባቸው አካባቢዎች ነዋሪዎች ጋር ተስማምታ ግዙፍ ማጣሪያ ከመገንባት ይልቅ ተፋሰሱን ለመጠበቅ መክፈልን መርጣለች። ከእኛ ቀረብ ሲል ደግሞ የናይሮቢው የላይኛው ጣና ወንዝ ፈንድ እ.ኤ.አ. በ2015 ተመሥርቷል፤ የኬንያው ጣና ወንዝ እንጂ የእኛ ሐይቅ አይደለም። የከተማዋ ውኃ ድርጅት፣ የኤሌክትሪክ አመንጪው ኩባንያና መጠጥ አምራቾች ገንዘብ እያዋጡ ላይኛው ተፋሰስ ላይ ያሉ ገበሬዎች እርከንና የሣር መስመር እንዲሠሩ ይደግፋሉ።

ለጅማ ሐሳቡ ያጓጓል። አንድ ውኃ ሁለት የኃይል ማመንጫዎችን እያንቀሳቀሰ ደለሉን የሚያስቀረው ገበሬ ምንም አለማግኘቱ ፍትሐዊ አይመስልም። ነገር ግን ፈንድ የታመነ ሒሳብ፣ የሚለካ ውጤትና ተዋዋይ አካል ይፈልጋል። ከላይ በኩል ውል የሚፈርም ማኅበር ሳይኖር ገንዘቡ ለማን ይከፈላል? ስለዚህ ፈንዱን ሁለተኛ ምዕራፍ አድርጉት። እስከዚያው በዓይነት ይጀመር፤ የታችኛው ሰፈር እድሮች ቀፎና የፍራፍሬ ችግኝ ገዝተው ለላይኞቹ ቢሰጡ ትንሽ ነው፣ ግን ውል ነው።

ስምምነት የማይበግረው ሲገጥም

ለቡና ፍሳሽና ለፋብሪካ ዝቃጭ የጋራ ዕቅድ ብቻውን አይበቃም፤ ልመና ይሆናል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የሚጠቅመን እዚህ ነው። በአዋጁ መሠረት ማንኛውም ሰው ጉዳቱ በራሱ ላይ መድረሱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን የሚበክለውን ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መክሰስ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልተስማማ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ቀኑን ቁጠሩ፤ አቤቱታውን በጽሑፍ ሰጥታችሁ የተቀበሏችሁበትን ቀን አስፈርሙ። ይህን ስል ነገ ተነሥታችሁ ጣቢያ ሁሉ ክሰሱ ማለቴ አይደለም። ገበሬው እሸቱን የሚሸጠው ለዚያው ጣቢያ ነው፤ ጣቢያው ቢዘጋ የሚጎዳው እሱም ነው። የማቆያ ጉድጓድ፣ የቬቲቨር ሣር ማጣሪያ፣ ልጣጩን ኮምፖስት ማድረግ፣ ውኃ የሚቆጥብ መፈልፈያ፤ እነዚህ በድርድር ይጀመሩ። አዋጁ ግን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ይታይ።

እኔ ብሆን

በላይኛው ገጠር ቀበሌ ያላችሁና ጭንቀታችሁ አፈር የሆነ፣ ዘመቻውን ይዛችሁ ጠባቂና ሣር ጨምሩበት፤ አዲስ መዋቅር አትፍጠሩ። የቡና ወረዳ ላይ ያላችሁ፣ ከጣቢያዎቹ ጋር ትንሽ መድረክ አቋቁሙና ከለቀማው በፊት፣ በነሐሴ፣ የማቆያ ጉድጓዶቹን አብራችሁ ዞራችሁ እዩ። በታኅሣሥ የሚደረግ ጉብኝት ለቅሶ መድረስ ነው። በቦዬ ዙሪያ ያላችሁ፣ ማኅበር። የከተማው መሃል ነዋሪዎች የፍሳሽ መስመር ከሌላችሁ ግን ማኅበርም ዘመቻም አያድናችሁም፤ ያ የማዘጋጃ ቤት በጀትና ያ የማልወደው ጥናት ነው፤ በእድራችሁ ስም ተሰልፋችሁ እሱን ጠይቁ።

ለአዌቱ በጠቅላላው ከሆነ የምመርጠው አንድ ገባርን በማኅበር መጀመር ነው፤ ከ500 ሄክታር ያልበለጠ፣ ገጠሩንና ከተማውን የሚነካ። መድረኩ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በመስከረም፣ ማኅበሩን ሊሰማ ይቀመጣል። አንዱ ገባር ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ሁለተኛው ይጀመራል።

የመጀመሪያውን ስብሰባ ከታች አታድርጉት። በጧት ተነሥታችሁ ወንዙን ተከትላችሁ በእግር ውጡ፤ የማዘጋጃ ቤቱን ሰውዬም ጫማውን አስቀይራችሁ ውሰዱት። ከምንጩ አጠገብ ካለ ቤት ደጃፍ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ ቡና ይፈላላችኋል። ደብተሩን ክፈቱና በመጀመሪያው ገጽ ላይ የአስተናጋጁን ጥያቄ ጻፉ፣ በሚናገርበት ቋንቋ።